ለፋሲካ የተቀጠረ ድምፅ

ተመስገን ባጃጁን የሚነዳው ያለ ሙዚቃ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። የሌላው ሰው ባጃጅ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሰፈር ሲታጠፍ ከጎማው ቀድሞ የሚሰማው ስፒከሩ ነው፤ የተመስገን ሲመጣ ግን የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይመጣል። አንዳንድ ተሳፋሪ «ቴፑ ተበላሽቶ ነው?» ይለዋል። «አልተበላሸም» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

የሚያውቁት አይጠይቁትም። ረድዋን የሚባል ጓደኛው አንድ ጊዜ አንድ ነገር ጠይቆት እንደነበር፣ መልሱም በጊዜው ሳይደርስለት እንደቀረ ያውቃሉና።

እስከ አምናው ጾም መግቢያ ድረስ ከተማው ውስጥ እንደሱ ባጃጅ የሚጮህ አልነበረም። የወንበሩ ልብስ ሐምራዊ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ቢጫ ዘርፍ እናቱ እትዬ ዘነበች በእጃቸው ሰፍተውለታል። ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ሁለት ስፒከሮች አሉ። ቴፑ ላይ ደግሞ ቀይ ክር የታሰረባት ትንሽ ፍላሽ፣ ለሰው ካልተዋሰች በቀር፣ ተሰክታ ትውል ነበር። ክሩን ያሰረው ከሌሎች ነጂዎች ፍላሽ ጋር እንዳይቀያየርበት ነው፤ የባጃጅ ተራ ላይ ፍላሽ መዋዋስ እንደ ክብሪት መዋዋስ ነው።

መስማት ያስተማረው አባቱ ነበር። ጋሼ ሞገስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ትምህርት ሲዘጋ ልጃቸውን ጋቢና ውስጥ አስቀምጠው ወደ ደብረ ሲና ይወጣሉ። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ፣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ብርድ እየሆነ፣ ካሴቱ ይዘፍናል። «ዘፋኙን ለጊዜው ተወው» ይሉት ነበር። «ከሥር ያለውን ስማ። ከሥሩ ሌላ ሰው አለ።» ልጁ ዐሥረኛ ክፍል ሳለ አረፉ። ተመስገን ትምህርቱን ተወ፤ መኪና አጠበ፣ የሰው ባጃጅ ነዳ፣ ቆይቶ የራሱን ገዛ። ከሥር ያለውን መስማት ግን አልተወም፤ ራፕ የወደደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ራፕ ውስጥ ከሥር ያለውና ከላይ ያለው እኩል ይናገራሉ ይላል።

ከስድስት ነጂዎች ጋር ሆኖ ቴሌግራም ላይ «ቆላ ራፕ» የሚል ግሩፕ ከፈተ። ሰባት የነበሩት መቶ ስልሳ ደረሱ፤ የሆቴል ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ማሾ የሚነግዱ፣ አንድ የከብት ሐኪም፣ ደብረ ሲና ብርድ ላይ ተቀምጠው በቆለኞቹ የሚያሾፉ ጥቂት ልጆች። ማንም ያገኘውን ዘፈን ያመጣል፤ የቀረው ሰምቶ አስተያየት ይሰጣል። ሕጉ አንድ ነው። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጥሩ ያልከው የቱ ጋ ጥሩ እንደሆነ ትናገራለህ። ሕጉን የጣሰ ሰው ለአንድ ሳምንት ዘፈን አያመጣም።

ከሁሉም ምላሷ የሚፈራው ሕይወት ነበረች፤ አስፋልቱ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት።

«ተሜ፣ ትናንት የላክኸውን ሰማሁት» ብላ ጻፈች አንድ ቀን። «ልጁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስለ መኪናው ያወራል። ሊሸጠው ነው እንዴ?»

«ቢቱን ስሚው እንጂ።»

«ሰማሁት። ቢቱ ሸጋ ነው። ልጁ ወርዶ በእግሩ ቢሄድ ይሻላል።»

ያን ቀን ከሳቁ መሐል አንድ አዲስ ሰው አጭር ድምፅ ላከ። ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። «እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይኼ ሰውዬ ትንፋሹን የት ነው የሚወስደው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። ተመስገን ባጃጁን ጥግ አስይዞ ዘፈኑን ዐሥር ጊዜ ያህል ደጋግሞ ሰማው። በመጨረሻ አገኘው። ሰውዬው ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ አንዱን ቃል ከሁለት ሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ነው የሚተነፍሰው። ይህንኑ ጻፈለት። «ገባኝ» አለ ባለድምፁ። «እኔ እኮ ሰውዬው ዓሣ መስሎኝ ነበር።»

ረድዋን እንዲህ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ከቀወት መንደሮች በአንዱ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጧል፤ መጻፍ ስለሚያታክተው የሚልከው ሁልጊዜ ድምፅ ነው። ከግማሽ ደቂቃ የሚረዝም አልነበረም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀልድ፣ አበቃ።

በጥቅምት ተመስገን ሊጠይቀው ሄደ። ባጃጁን መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ነድቶ የቀረውን በእግሩ ሄደ። ማሽላው እሸት ነበር፤ የግሪሳ መንጋ እንደ ጭስ ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በሌላው ላይ ይሰፍራል። ረድዋን ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያሽከረክራል። ድንጋዩ በተወረወረ ቁጥር ይጮኻል፤ ጩኸቱም ዝም ብሎ «ሃይ» አልነበረም። ቃል አለው፣ ቤት ይመታል፣ ወንጭፏ ስትጮህ እንደ ከበሮ አድርጎ ይሳፈርባታል። ተመስገን ማሽላው መሐል ቆሞ ቀረ።

እናቱ እትዬ ዘሀራ ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡለት። «ይኼ ነው የስልኩ ጓደኛህ?» አሉ ልጃቸውን። ከዚያም ወደ እንግዳው ዞር ብለው፣ «ልጄን ምን አስነካችሁት? እኔ ሽሮው ጥሩ ነው ስለው ‘የቱ ጋ ነው ጥሩ’ ይለኛል» አሉ።

ተመስገን ሲመለስ ባለ ቀይ ክሯን ፍላሽ አወሰው። ረድዋን ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው። ማማ ላይ ሰቅሏት ክረምቱ እስኪገባ ሊሰማባት ነው።

እንግዲህ የጾሙን ነገር መንገር ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ዘፈን አይሰማም። ባጃጆቹ ሁሉ ፍላሽ ቀይረው መዝሙር ይከፍታሉ፤ «ቆላ ራፕም» ይዘጋል። ማንም አላዘዘም፤ ልማድ ነው። ተመስገን በቅበላው እሑድ «ለፋሲካ ያድርሰን» ብሎ ይጽፍና ግሩፑን ይቆልፋል። በነዚህ ዓመታት ረመዳንም ከጾሙ ጋር ስለሚገጥም እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ዝም ይላል። ልዩነቱ ዒድ ቀድሞ መድረሱ ነው። የነረድዋን ጾም ሲፈታ የነተመስገን ሦስት ሳምንት ያህል ይቀረዋል።

አምና ዒድ ባለፈ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ተመስገን ተራ ይዞ ባለበት ስልኩ ጮኸች። ከረድዋን የመጣ ድምፅ ነው። ርዝመቱን ሲያይ አራት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ይላል። ረድዋን ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ዘፈን ነው አለ። ዘፈን ከሆነ ደግሞ አይከፈትም። እንዲህ ሲል ጻፈለት፦ «ረዱ፣ ጾም ነኝ። ለፋሲካ እሰማዋለሁ፤ መጀመሪያ የምሰማው ያንተን ነው።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እሺ። በሰላም ያስፈታህ።» በጽሑፍ ነበር። ጽፎ የማያውቅ ልጅ መጻፉን ተመስገን ያስተዋለው በኋላ ነው።

በማግስቱ ረቡዕ ረድዋን ራሱ መጥቶ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም።

«ገበያ ነው የመጣኸው?»

«የለም፤ ሰዲቅ ጋ ነበርኩ።» ሰዲቅ የአጎቱ ልጅ ነው። «ሰማኸው?» አለ ረድዋን።

«ለፋሲካ አልኩህ እኮ። አሁን ብሰማው ላንተም አይጥምህ፤ ግማሽ ጆሮዬን ነው የምሰጥህ።»

«ግማሹም ይበቃኝ ነበር» አለና ሳቀ። ተመስገንም ሳቀ።

ሲወርድ ከኪሱ ፍላሿን አወጣ። ቀይ ክሯ ፀሐይ መትቶት ነጣ ብሏል። «ያዝ።»

«ምን አጣደፈህ? ላንተ ዒድ አልፎልሃል፣ ስማባት።»

«ሰማሁት» አለ ረድዋን። «ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።»

ከኋላ ሌላ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ። ተመስገን ፍላሿን ደረት ኪሱ ከቶ ነዳ። በመስታወቱ ሲያይ ረድዋን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር፤ እጁን አላነሣም።

የፋሲካ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አድሮ፣ ከእናቱ ጋር ፈስኮ፣ ጥቂት ከተኛ በኋላ ወጥቶ ባጃጁን ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አቆመ። ግሩፑን ከፈተው። «እንኳን አደረሳችሁ» እየተባለ ዘፈን ይጎርፍ ጀመር፤ ሕይወት ከወዲሁ አንዱን እየሰደበች ነው። እሱ ግን ቃሉን ለመጠበቅ መጀመሪያ የረድዋንን ነካ።

ነፋስ ይሰማል። ከሩቅ የወፍ ጫጫታ። ወንጭፍ እየተሽከረከረች ጮኸች፤ ረድዋን በሷ ላይ ተሳፈረ።

«ማማ ላይ ቆሜ ወፍ ስጠብቅ፣ እህሉ ያባቴ፣
ጩኸቴን ግሪሳ ያውቀዋል፣ አያውቀውም ቤቴ።
ወንጭፌ ድንጋይ ጨረሰ፣ ቃል ብቻ ነው የቀረኝ፣
እሱንም ብወረውረው፣ ማነው መታህ የሚለኝ?»

እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ግጥሙ አለቀ፤ ወንጭፏ ዝም አለች። ከዚያ የሚሰማው ተራ ንግግር ነው።

«ተሜ፣ ጨረስኩ። ቤቱ የላላበት ቦታ ካለ ንገረኝ። አሁን ግን ጥያቄዬ እሱ አይደለም። ሰዲቅ ሐሙስ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል፤ በአፋር አድርጎ፣ በባሕሩ። ለእኔም ቦታ ይዞልኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ይኼ ነገር አለኝ ወይስ የለኝም? ሌሎቹ ያባብሉኛል፤ አንተ አታባብልም። አለህ ካልከኝ እቀራለሁ። የለህም ብትለኝም ወላሂ አልቀየምህም። እስከ ረቡዕ ማታ እጠብቅሃለሁ።»

ከዚያ ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል፤ ሌላ ቃል ሊጨምር እንዳሰበ ሰው። አልጨመረም።

ተመስገን «አለህ» ብሎ ጻፈ። ከጎኗ አንድ ምልክት ብቻ ወጣች፤ መነበቡን የምትነግረው ሁለተኛዋ አልመጣችም። ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ባጃጁን አስነሥቶ ወንዙን ተሻገረ። እትዬ ዘሀራ ደጃፋቸው ላይ ማሾ ይለቅሙ ነበር። ልጃቸው ሐሙስ ገና ሳይነጋ ከሰዲቅ ጋር መውጣቱን ነገሩት። «ላንተ አልነገረህም እንዴ?» አሉት።

«ነግሮኛል» አለ ተመስገን።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰዲቅ ከባሕሩ ዳር ደወለ። ጀልባዋ ከዳር ሳትርቅ ተገልብጣ ነበር። እሱ አንድ ጀሪካን ይዞ ወጥቷል። ረድዋን አልወጣም።

ግሩፑ ውስጥ ለሦስት ቀን ማንም ዘፈን አላመጣም። በአራተኛው ተመስገን ኃላፊነቱን ለሕይወት አስረከበ፤ ፍላሿንም ከደረት ኪሱ አውጥቶ ባጃጁ ውስጥ ከተለጠፈው ቅዱስ ሥዕል ጀርባ ሸጎጣት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የአገሩ ሰው፤ ሌላ ጊዜ ሲባል ይስቅበት ነበር። ሕይወት አሁንም በየሳምንቱ ትጽፍለታለች፦ «ተሜ፣ አስተያየት?» አይመልስላትም። እሷም አትሰለችም።

ሐዘኑ በወጣ በወሩ፣ በገበያ ቀን፣ እትዬ ዘሀራ ተራው ድረስ መጡ። «ድምፁ ያንተ ስልክ ውስጥ አለ ይሉኛል» አሉ። «እኔ ፎቶውን ነው ያለኝ። ፎቶ አይናገርም።»

ከኋላ አስቀመጣቸውና ከፈተላቸው። ስልኳን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኗት። ተመስገን የእጅ ሰዓቱን ያያል። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሲሞላ ጣቱን ከሻሹ ሥር ሰዶ አቆማት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እትዬ ዘሀራ።»

በየገበያው መምጣት ጀመሩ። ማንጎ ሲኖር ማንጎ፣ ከሌለ ሁለት ሎሚ ይዘው ይመጣሉ፤ ይሰማሉ፤ ይሄዳሉ። ግጥሙን ሸመደዱት፤ ከንፈራቸው ከልጃቸው ድምፅ እኩል ይንቀሳቀሳል። ጣቱም በየሳምንቱ ያችኑ ቦታ ትጠብቃለች። ቀሪ ንግግር መኖሩን ያውቃል፤ መስማት የሳቸው መብት እንደሆነም ያውቃል። ግን ቀሪውን ቢሰሙ ልጃቸው በአንድ ቃል ይቀር እንደነበር፣ ያን ቃል የከለከለውም ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው መሆኑን ይሰማሉ። ሎሚውን ይዘው መምጣታቸውንም ያቆማሉ። ከሁሉ ይልቅ ይህን ፈራ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ማሽላው አሸተ፤ ማማው ላይ የሚቆም ስለሌለ ግሪሳ በላው። ረመዳን ሲገባ አልመጡም። ዘንድሮ ዒድ ባለፈ በመጀመሪያው ገበያ ግን እንደገና መጡ፤ ነጭ ሻሽ አስረዋል። ከኋላ ተቀምጠው እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ። ወዲያው መልሰው ሰበሰቡት።

«ለካ ጾም ናችሁ» አሉ። «ዘፈን አትሰሙም። ልጄ ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ረሳሁት። ይቆይ ግዴለም። ለፋሲካ እመጣለሁ።» ብድግ ብለው የባጃጁን ብረት ያዙ።

ተመስገን ለረድዋን የጻፈውን ያን «ለፋሲካ» የሚል ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

«ይቀመጡ» አለ።

«ጾምህን አላስፈርስህም፣ ልጄ።»

«ይቀመጡልኝ እባክዎ።»

ተቀመጡ። ከፈተላቸው። ወንጭፏ ጮኸች፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሆነ፤ ተመስገን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት አስፋልቱን ያይ ነበር። አንድ የሽንኩርት መኪና አለፈ። ከኋላው የልጁ ንግግር ከሻሹ ሥር በቀጭኑ ይሰማዋል። ያን የመጨረሻውን ትንፋሽም ሰማው።

እትዬ ዘሀራ ስልኳን በሻሻቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው በትከሻው ላይ መለሱለት።

«እስከ ዛሬ ይኼን ነው የምትቆርጠው?»

«አዎ።»

«እኔንም ጠይቆኝ ነበር» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ያን ረቡዕ፣ ካንተ ዘንድ ተመልሶ። ‘እማ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?’ አለኝ። ጎተራው ባዶ ነበር። ሂድ አልኩት። አላህ ይከተልህ አልኩት፤ ልብሱንም እኔ ነኝ ያጣጠፍኩት።» በእጃቸው የያዟቸውን ሁለት ሎሚዎች አገላበጡ። «አንተ መልስ አልሰጠኸውም። እኔ ሰጥቼዋለሁ።»

ተመስገን ዞሮ ሊያያቸው አልቻለም።

«እስቲ አሁን ንገረኝ» አሉ። «በጊዜው ሰምተኸው ቢሆን ምን ትለው ነበር?»

«ጥሩ ነው እለው ነበር።»

«እሱማ አይባልም ይል ነበር። የቱ ጋ ነው ጥሩ?»

ተመስገን ዓመት ሙሉ አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ ቃሉ ተንተባተበበት። «‘ቀረኝ’ ያለው እና ‘የሚለኝ’ ያለው ቤታቸው ላላ ብሏል» አለ። «ያን ቢያርመው እለው ነበር። ወንጭፏን ከበሮ ማድረጉ ግን የሱ ብቻ ነው፤ ያን ማንም አልሠራውም። ትንፋሹም… ‘አያውቀውም’ ይልና እዚያ ላይ ይተነፍሳል። ‘ቤቴ’ የሚለውን ብቻውን ያስቀምጠዋል። እዚያ ጋ ነው ጥሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ያልፈው ነበር።»

እትዬ ዘሀራ ቃል እንዳያመልጣቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሰሙ።

«እኔ እኮ ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማው ነበር» አሉ ሲጨርስ። «ጠዋትም ከሰዓትም። ወፍ የሚያባርር ነበር የሚመስለኝ።»

ሁለቱን ሎሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጡለት። ተመስገን ሞተሩን አስነሥቶ እስከ ወንዙ ሸኛቸው። ወርደው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆም አሉና፣ «በሰላም ያስፈታህ» አሉት።